ላላየሁት ፊት የሠራሁት ፍሬም

ሱቄን ልዘጋ በተሰናዳሁበት ሰሞን አንዲት ተማሪ ገብታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። ስክሪኑ ላይ የድሮ ፊልም ተዋናይ ፎቶ አለ፤ ጥቁር በነጭ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ ሰውዬ ነው።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ዓይነት ቪንቴጅ አለህ?» አለችኝ።

ቪንቴጅ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል» አለች።

ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌውን አዲስ ሳስመስል ኖሬ፣ ጡረታዬ ሲደርስ ዓለም ተገለበጠና አዲሱን አሮጌ አድርግልኝ ይለኝ ጀመር። መሳቢያ ጎርጉሬ አንድ አወጣሁላት። ወደደችው፤ አድርጋው በስልኳ ራሷን አነሳች፤ ከፈለችና ሄደች። እሷ ስትሄድ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ፍሬም ፍለጋ ሻንቶ ድረስ የወረድኩበትን ጊዜ አስታወሰችኝና ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዝ አለኝ።

ዳና እባላለሁ። መነጽር ጠጋኝ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ወላይታ ገና ራሱን የቻለ ዞን ሳይሆን፣ ሶዶ ከተማ በአንድ የበጎ አድራጎት የዓይን ክሊኒክ ውስጥ በመጋዘን ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ሥራዬ ካርቶን መክፈት ነው። ፈረንጆች እናታቸው ወይም አያታቸው ሲሞቱ መሳቢያ ውስጥ የተረፈውን መነጽር እየሰበሰቡ ለእኛ ይልኩልን ነበር። የሙታን መነጽር ነበር የምደረድረው፤ ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። የቅርቡን ለብቻ፣ የሩቁን ለብቻ አደርጋለሁ፤ እግሩ የተሰበረውንና መስታወቱ የተሰነጠቀውን ጉድጓድ እጥላለሁ። ኃላፊያችን ሲስተር ሥርዓት ወዳድ ነበረች። ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ፣ ከመጋዘኑ ወለል ላይ አንድ ብሎን ስታገኝ የሰው ጥርስ የወደቀ ያህል ነበር የምትጮኸው።

እኔ ከምጥለው ላይ የሚለቅም አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ መርዕድ። በክሊኒኩ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ መስታወት ይሞርዳል፣ ፍሬም ያቃናል። ከአዲስ አበባ የመጣው በወጣትነቱ ነው፤ በንጉሡ ጊዜና ከዚያም በኋላ በከተማችን አዳራሽ ሸራ ወጥሮ ፊልም ያሳይ ነበር። ቪዲዮ ቤቶች ሲበዙ ሸራው ተጠቀለለ፣ መሣሪያውም ዝጎ ቀረ። እሱ የፊልም መሣሪያውን ሌንስ ሲፈታና ሲገጥም የለመደው እጅ ስለነበረው ወደ መነጽር ዞረ። ልቡ ግን እዚያው ሸራው ላይ እንደቀረ ነው የኖረው።

ፍሬሞችን የሚጠራቸው በቁጥር አልነበረም። «የመርማሪውን አምጣልኝ» ይለኛል፤ ክብ፣ ቀጭን ሽቦ ማለቱ ነው። «የዳንሰኛዋ» የሚለው ጫፉ ወደ ላይ ሾሎ ፈርጥ ያለበትን ነው። «የጋዜጠኛው» ደግሞ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ሳሳ ያለው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ትናንሽ የብረት ምስማሮች የሚታዩበት ነው። ታካሚ ሲገባ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ ብሎ አይጠይቅም። «ፊልም ላይ ቢሠሩ ምን መሆን ይወዳሉ?» ነው የሚለው። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ኋላ ይስቃል። ጋሽ መርዕድም የፈለገው ሳቁን ነው። ሰው ሲስቅ ጉንጩ ይነሳል፤ ጉንጭ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ መነጽር ልኩ አይደለም ይላል።

ሌላም ልማድ ነበረው። የመጣውን ፍሬም ሁሉ በአውራ ጣቱ አሽቶ ያሸተዋል። ነርሶቹ ይስቁበት ነበር። እኔን ግን አንድ ቀን ጠርቶ አንዱን ፍሬም አስሸተተኝ፤ በልብስ ሣጥን ውስጥ የሚደረገው ካምፎር ይሸታል። «ይሄ ከድሮ የፊልም ጥቅል ጋር ወንድማማች ነው» አለኝ። «እሳት ካሳየኸው እንደ ቤንዚን ነው። ካልሸተተ አሙቀው፤ ከሸተተ በእጅህ ብቻ አባብለው።»

ማሞቅ እንዲህ ነው። የቲማቲም ጣሳ ውስጥ የተነፋ የወንዝ አሸዋ ይደረጋል፣ ከሰል ላይ ይጣዳል። አሸዋውን በእጅ ጀርባ ትነካዋለህ፤ እጅህን ሳታሸሽ የምትታገሠው ሙቀት ትክክለኛው ነው። የመነጽሩን እግር አሸዋው ውስጥ ቀብረህ ትጠብቃለህ። ሲለሰልስ አውጥተህ ከጆሮ ጀርባ የሚያርፈውን ክፍል ታጎብጠዋለህ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለህ። ብሎኑ እንዳይፈታ ጫፉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ፍሬሙ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ይታሻል። በመጨረሻ ጋሽ መርዕድ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ደፍቶት በጣቱ መታ ያደርገዋል። «ከዚህ ቤት የሚንቀጠቀጥ መነጽር አይወጣም፣ የደበዘዘ መነጽር አይወጣም» የሚለው ሕግ ነበረው። ለለማኝም ለባለሥልጣንም ያው ነው።

ባለሥልጣን ካልሁ፣ በግምገማ ሰሞን የምንስቀው ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ወርቅማ ፍሬሙን በመሐረብ ጠቅልሎ በጓሮ በር ይመጣና «ለሁለት ሳምንት የምትሆን ተራ ፕላስቲክ ስጡኝ» ይላል። ግምገማው አልፎለት ወንበሩ ላይ ከቀረ ወርቁን ሊወስድ በፊት ለፊት በር ይመጣል። ከወረደ ሳይመጣ ይቀራል፤ እኛም የማን ወርቅ መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ አይተን የሹመቱን ወሬ ከሬዲዮ በፊት እናውቅ ነበር።

ቆላ ወርደን ሁምቦ ስናድል ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ልኩ ሆኖ የተገኘው ያ ፈርጥ ያለው የዳንሰኛዋ ፍሬም ብቻ ሆነ። አፍሬ ሌላ ቀን ሌላ ላምጣልህ አልኩት። ሰውዬው አድርጎት ወደ ማሳው ዞረና «ኧረ ይሄ መነጽር ጥሩ ናት! በቆሎዬን አየኋት፣ ዝንጀሮዋንም አየኋት» አለ። ፈርጡ በፀሐይ ቦግ ቦግ እያለ ዝንጀሮ ሲያባርር ትተነው ተመለስን። ሥራዬን የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ መጋዘኑን ለሌላ ሰው አስረክቤ የጋሽ መርዕድ ረዳት ሆንኩ።

አስቴር የመጣችው በዚያው ዘመን ነው። ከገሱባ የመጣች መምህርት ናት፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ፣ ቀጭን፣ ንግግሯ የተለካ። ዓይኗ ደህና ነው። ጋሽ መርዕድ እንደ ልማዱ ፊልም ላይ ምን መሆን እንደምትወድ ጠየቃት።

«እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው» አለች። «ፊልሙንም አውቀዋለሁ። እዚሁ ሶዶ አዳራሽ አብረን ነው ያየነው።»

ባሏ ማርቆስ ይባላል። ተማሪ ሳሉ ያዩት ፊልም ላይ አንድ ጋዜጠኛ ነበር፤ መነጽሩን በአንድ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ የሚናገር። ማርቆስ ዓይኑ ትንሽ ስለሚደክም መነጽር ታዞለት ነበርና ያንኑ ካላገኘሁ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ፍለጋ ሄደ፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘው። መነጽሩን አድርጎ አገባት። ሙሽራ በገባች በጥቂት ወር፣ በለውጡ ዋዜማ፣ ለጦርነት ታፈሰ። ዓይኑን አይተው ይተዉታል ብለው ነበር፤ አልተዉትም።

ሠራዊቱ ሲበተን የመንደሩ ልጆች በእግራቸውም በመኪናም እየተንጠባጠቡ ገቡ። አብሮት የነበረ ጓደኛው መጥቶ «በእጄ ነው የቀበርኩት» ብሎ ተናገረ። የማርቆስ እናት እማማ አለሚቱ ግን አልተቀበሉም። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ቆይቷል፤ ጓደኛውን ፊታቸውን አዙረው ሰሙትና «ወሬ አይቀበርም። የእሱ የሆነ ምን አመጣህልኝ?» አሉት። ያመጣው ነገር አልነበረም። ከሱዳንና ከኬንያ በኩል ዘግይተው የሚገቡ ወታደሮችም ነበሩና ተስፋቸው እብደት ነው የሚባል አልነበረም። እንዲሁ እየጠበቁ ዓመታት አለፉ።

አስቴር ይህን ሁሉ ስታወራ ድምጿ አልተለወጠም። የተለወጠው ቀጥሎ ያለውን ስትናገር ነው። አብሯት የሚያስተምር ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል። ደህና ሰው ነው፣ እሷም ጠልታው አይደለም። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች የማርቆስ እናት ለቅሶ ካልተቀመጡ አንቺን ሚስቱ አይደለሽም ማለት አንችልም ብለዋታል። እሷም ብትሆን አሮጊቷ በር በሩን እያዳመጡ ሌላ ቤት መግባት አልቻለችም። በእኛ አገር ለቅሶ ሲወጣ የሟች ፎቶና የሟች ዕቃ ይያዛል። ፎቶ አላት፤ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ፍላሹ መስታወቱ ላይ አብርቶ ዓይኑንም ፍሬሙንም በልቶታል። ዕቃ የላትም። ሽማግሌዎቹና ጓደኛው ተማክረው፣ መነጽሩን የሚመስል ከተገኘ ከጓደኛው እጅ የተገኘ ነው ብለን እንስጣቸው ብለዋል።

«በደንብ አልቅሰው ይረፉ ብለን ነው» አለች። «እኔም ልረፍ።»

እኔ ነገሩ ውሸት ነውና ቅር አለኝ፤ አልደብቅም። ጋሽ መርዕድ ግን «ፊልምም ውሸት ነው። ሰዉ የሚያለቅሰው ግን የእውነቱን ነው» አለና ወንበሩን ሳበላት። ፊልሙን አስታወሰው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሳየው ፊልም ነው፤ ጋዜጠኛው በየትኛው ጥቅል ላይ መነጽሩን እንደሚያወልቅ ሳይቀር ያውቃል። «ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው» አለ። አስቴር «ቡናማ ነው። ፀሐይ ላይ ማር ይመስላል» አለችው። ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ጋሽ መርዕድ ግንባሩን መታ። «ሞኝ ነኝ! ጥቁር በነጭ ፊልም ላይ ቡናማው ሁሉ ጥቁር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሳሳይ ቀለሙን አላውቀውም ነበር ማለት ነው።»

ፍለጋው የእኔ ሆነ። በካርቶን ክምር ውስጥ ከብዙ ቀን በኋላ የፊቱን ክፍል አገኘሁ፤ ማርማ ቡናማ፣ ጥግ ላይ ሦስት ሦስት ምስማር ያለው፣ እግር የሌለው። እግሩን ፍለጋ በገበያ ቀን ሻንቶ ወርጄ የሳልባጅ ነጋዴዎችን አዳረስኩ፣ የኮት ኪስ ሳይቀር ፈተሽኩ። የዚያው የሻንቶ ገበያ ልብስ ሰፊ አፍንጫው ላይ ያንኑ ዘር በክር አስሮ አየሁት። ሰውዬው መጀመሪያ ሊሰጠኝ አልፈለገም። «በዚህች ነው መርፌዬን የማያት፤ አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ። የምፈልግበትን ስነግረው አወለቀና ሰጠኝ። በሳምንቱ አዲስ አሠርቼ ወሰድኩለት።

ፊቱንና እግሩን ገጠምኩ። ማጠፊያው አርጅቶ ነበርና ከሰዓት ጠጋኝ አዲስ ብሎን ለምኜ አጠበቅሁት። አሸተትኩት፤ ካምፎር የለውም። የቀረው በልኩ ማጉበጥ ነው። ግን በማን ልክ?

አስቴር ቅዳሜ መጣች። «ራሱ ምን ያህል ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሁለት መዳፎቿን አንስታ አየር ላይ፣ በራሷ ትይዩ ከፍ አድርጋ ዘረጋቻቸው። ፊቱን እንደያዘችው ነው። «እዚህ ድረስ» አለች። «ጆሮው እዚህ ጋ ነው። የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እሱ አያምንም እንጂ እኔ አውቃለሁ።» በመዳፎቿ መሀል ማስመሪያ ይዤ ለካሁ። ጋሽ መርዕድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሸዋውን አሞቅሁና አጎበጥኩት። የግራውን እግር ለዚያ ጆሮ ብዬ ትንሽ አነሳሁት። ከዚያ አሸሁት፤ በጥርስ ሳሙና፣ በጨርቅ፣ በእጄ ሙቀት። መጨረሻ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት እውነትም ማር መሰለ። ጋሽ መርዕድ ማጠፊያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጠቅ ሲል ሰማው። ከፍቶ ዘግቶ አልጠግብ አለ። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ «አበጀህ» ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ዛሬም ይህን ስጽፍ ያ ሥራ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ሲወጣ እኔም ጋሽ መርዕድም ገሱባ ሄድን። ሰዉ ዱቡሻው፣ የመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተሰብስቧል። አስቴር ጥቁር ለብሳ ፎቶውን ይዛ ቆማለች። እማማ አለሚቱ መሀል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አላለቀሱም፣ እንዲሁ ሰው ሲመራቸው የመጡ ናቸው። ጓደኛው ቀረበና ተንበርክኮ መነጽሩን በሁለት እጁ ሰጣቸው። «አዬ፣ እናቴ፣ የማርቆስ ነው። እኔ ዘንድ ነበር» አላቸው።

ሁላችንም የምንጠብቀው ጩኸታቸውን ነው። እማማ አለሚቱ መነጽሩን ዳበሱት። ምስማሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። የላይኛውን ውፍረት ነኩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ አወቁት። ከዚያ ቀኝ እግሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። ጠቅ አለ። እንደገና ከፈቱ፣ እንደገና ዘጉ።

«ማነው ያጠበቀው?» አሉ በወላይትኛ።

ጣታቸው ማጠፊያው ላይ ቆመ።

«ይሄ እግሩ ይረግብ ነበር። በክር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ማነው ያጠበቀው?»

ጓደኛው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሳቸው መነጽሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ጉንጫቸው ላይ አሹት፤ ልስልስ ነው። በመጨረሻ መዳፎቻቸውን በሁለቱ እግሮች መሀል አስገብተው ወደ ውጭ ገፋ አደረጉ። ያን ቅዳሜ አስቴር አየር ላይ የዘረጋችውን ያንኑ ስፋት እናቱ መዳፋቸው ላይ አገኙት።

«ራሱ ነው» አሉ። «ግራ ጆሮው ይኸው። ከራሱ ላይ አሁን የወለቀ ነው።» ተነሱ፤ የሚደግፋቸውን ሰው እጅ ገፉ። «የሞተ ሰው መነጽር አያሠራም! ልጄ ሰው አገር ሆኖ እያሠራ ያደርጋል። ቀበርኩት ያልከኝ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ግን እንዴት ሰጠህ? የት አገኘኸው?»

መልስ ሳይጠብቁ እልል አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሕዝብ ፊት፣ ጥቁር በለበሰች ሚስቱ ፊት፣ እጃቸውን ወደ ዳሞታ ተራራ አቅጣጫ ዘርግተው እልል አሉ። አንዳንድ ሴቶችም ግራ ገብቷቸው አብረው እልል አሉ። አንዱ ሽማግሌ «አዬ፣ ይስሙን እስቲ» ብሎ ሲጀምር «ሎኦ ነው፣ መልካም ዜና ነው፤ ምን እሰማለሁ?» አሉት። ለለቅሶ የተሰናዳው ምግብ ለምስጋና ይሁን ብለው አዘዙ። ያ ሁሉ ሰው ቆጮውን እየበላ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ።

አስቴርን ፈልጌ አየኋት። ፎቶውን እንደያዘች ቆማ ነበር። እኔን አየችኝ፤ በእጄ ላይ የሆነ ነገር የቀረ ይመስል እጄን አየች። እሷ መነጽሩ አሮጌ ይምሰል አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ሞት የነካው ዕቃ እንዴት እንደሚሆን ሦስታችንም አላሰብንም። እኛ ያሰብነው ፊልሙን ነው፣ ቀለሙን ነው፣ ልኩን ነው። ብሎኗን አርግቤ በክር ባስራት፣ ጨርቁን ትቼ አመድ ላይ ባንከባልለው ኖሮ አሮጊቷ ያለቅሱ ነበር። የጋሽ መርዕድ ሕግ ግን እጄ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የደበዘዘ መነጽር ከዚያ ቤት አይወጣም።

በመኪና ስንመለስ ጋሽ መርዕድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲያ ፍሬሞችን በፊልም ስም መጥራት ተወ። ታካሚ ሲገባም ቁጥር ጠይቆ ይሰጥ ጀመር። ሲያርፍ እኔ ነበርኩ አጠገቡ፤ ስለ አስቴር አንድም ቀን አላነሳልኝም።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። በወሩ ገሱባ ሄጄ ለአሮጊቷ እውነቱን ልነግር ተነሳሁ። አስቴር ግቢው በር ላይ ይዛ አቆመችኝ። «ምን ልትላቸው ነው?» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት ልበል» አልኳት። «ትናንት በደንብ በሉ። ስንት ዓመታቸው በደንብ ከበሉ! አሁን ብትነግራቸው ልጃቸውን ሁለተኛ መግደል ነው። እኔ አልችልም፤ አንተም አትችልም።» ሽማግሌዎቹም ዱቡሻ ላይ የዋሹትን ሊያነሱት አልፈለጉም። እንዲሁ ተዳፍኖ ቀረ።

የጠየቃት ሰው ሁለት ዓመት ያህል ጠበቃት፤ ከዚያ የሻንቶ ልጅ አገባ። አይፈረድበትም። እኔ ከክሊኒኩ ወጥቼ መናኸሪያው አጠገብ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ወላይታም ዞን ሆነ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ባጃጅ ከተማውን ሞላው። አስቴር ለስብሰባ ሶዶ ስትመጣ ብቅ ትላለች። «ሳሮ፣ ዳና?» ብላ ደህንነቴን ትጠይቀኛለች፤ ስለ ማርቆስ እናት ትነግረኛለች። መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልለው ትራስጌያቸው ያስቀምጡታል። ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን ሲደርስ፣ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እማማ አለሚቱ የማርቆስን የሥጋ ድርሻ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ የበርበሬ ማባያው ዳታም ለብቻ ይደቆስለታል። ሥጋው ሳይነካ ሲያድር አስቴር በማግስቱ ለጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። እኔ ቤት ሥጋው ቀርቦ ልጆቼ ሲሻሙ ያ ድርሻ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ሚስቴ «በበዓል ቀን ፊትህን አታጥቁር» እያለች ትቆጣኛለች።

አሮጊቷ ዕድሜ ጠገቡ። ሲያርፉ በሰላም ነው ያረፉት አሉ፤ ማርቆስ ሲመጣ በሩ እንዳይቆለፍበት ተናዝዘው። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አፈር ስወረውር ለማን እንደማዝን አላወቅሁትም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ያቺ ባለስልክ ተማሪ ከመጣችበት ሳምንት ብዙም ሳይቆይ፣ አስቴር ሱቄ ገባች። ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ሸብቷል። ከቦርሳዋ ጨርቅ አውጥታ ፈታችና መነጽሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ዓመታቱ አልነኩትም ነበር። እንዴት ይንኩት፣ ያደረገው ሰው የለ።

«ማንበቢያ አስገባልኝ» አለች። «ፍሬሙንም በእኔ ልክ አጥብበው።»

«አስቴር፣ ሌላ ፍሬም ልስጥሽ። አዳዲስ ብዙ አለኝ።»

«ምን ሆነና? ጥሩ ፍሬም ነው። ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዓይኗን ለካሁ፣ መስታወቱን ቆርጬ ሞርጄ አስገባሁ። እጄ እየሠራ አፌ ያን ያህል ዘመን የያዘውን አወጣው። «ያን ጊዜ ባላጠብቀው ኖሮ…» አልኩ።

አየችኝ። አታስብ ትለኛለች፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሰው እንዲህ ሲባባል ነው የኖረው።

«አዎ» አለች። «ለቅሶ ይቀመጡ ነበር። እኔም አግብቼ እወልድ ነበር።» ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየች። «በል አሸዋህን አሙቅ፤ የገሱባ መኪና ሳይሞላብኝ።»

ከሰሉን አያያዝኩ። አሸዋው እስኪሞቅ በእጄ ጀርባ እየነካሁ ጠበቅሁ። የግራውን እግር ቀበርኩት፣ አወጣሁት፣ ለስልሷል። ያነሳሁትን ጉብጠት በአውራ ጣቴ ተጭኜ ወደ ታች መለስኩት፤ ቀጥሎ ቀኙን፤ ከዚያ ሁለቱን ወደ ውስጥ አስጠጋኋቸው። በመዳፎቿ አየር ላይ ያሳየችኝ፣ እናቱ ዱቡሻ ላይ ያገኙት ያ ራስ በእጄ ውስጥ ጠፋ። ውኃ ውስጥ ነክሬ አደረቅሁና ሰጠኋት።

አደረገችው። ልኳ ነበር። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች፣ እዚያው ቆማ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተችና አንድ ገጽ አረመች።

«ይታያል» አለች፤ ደብተሯን ከትታ ወደ መናኸሪያው ሄደች።